አንድ ቍጥር፥ ልዩ ልዩ አሠላለፍ
ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለሚሥሉት የካርቦን ሥዕል

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ ብቻውን የወላጅን ዕዳ አይከፍልም። ልጁ ማታ ደብተሩን ይዞ ሲመለስ በደብተሩ ውስጥ የተጻፈው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ፥ ነገሩ ባይገባን እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ መስማት፥ ሲሳሳትም ከመቈጣት ይልቅ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ አብሮ መፈለግ፥ ይህ ሁሉ የወላጅና የዘመድ ሥራ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ስሕተታችን ነው። ስለዚህ በእኛ ላይ የደረሰው እፍረት በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ፥ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

እኅታችን ባልዋ ከሞተ ወዲህ በመርካቶ፥ በበርበሬ ተራ፥ በርበሬና ቅመም እየነገደች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። መርካቶ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ትልቁ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲወሰድ የተቋቋመ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ስሙም ከዚያው ዘመን የቀረ የጣልያን ቃል ነው። የገበያው ሥርዐት ግን የአገራችን ነው፤ እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ተራ አለውና ሸማው በሸማ ተራ፥ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ተራ፥ የወላለቀው ብረት ሁሉ በምን አለሽ ተራ ይገኛል። ተራውን የማያውቅ ሰው ገንዘብ በእጁ ይዞ ዕቃውን ሳያገኝ ይመለሳል። አንባቢዎቻችን ይህን የተራ ነገር በልባቸው እንዲያኖሩልን እንለምናለን፤ ወደ ፊት ያስፈልገናልና።

የእኅታችን ታላቂቱ ልጅ የዛሬ ዓመት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ወደ እናትዋ ዘንድ ትሄድና፥ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ በበርበሬው ከረጢቶች መካከል ተቀምጣ፥ እያስነጠሳት ታጠና ነበር። በየካቲት ወር ግን ከኬሚስትሪ ፈተና ተመልሳ ደብተርዋን ሳትከፍት ዋለች። እናትዋ ምን ሆነሻል ብላ ብትመረምራት፥ አጣጥፋ የያዘችውን የፈተና ወረቀት አወጣች። ጥያቄው፥ ስድስት ካርቦንና ዐሥራ አራት ሃይድሮጅን ያለው ነገር ስንት ዐይነት አሠላለፍ እንዳለው ቈጥራ እያንዳንዱን እንድትሥል የሚያዝዝ ነበር። ልጅቱ ሰባት ሥዕል ሥላለች። መምህሩም ሁለቱን በቀይ ቀለም ሰርዞ፥ ከዐሥሩ ነጥብ አምስቱን ብቻ ሰጥቶአታል።

በዚያው ምሽት እኅታችን ወደ ቤታችን መጥታ እንዲህ አለችን፤ «ወንድም ጋሼ፥ እኔ የሥዕሉን ነገር አላውቅም። የማውቀው ልጄ ሌሊቱን ስትሥል አድራ ግማሹን ብቻ እንዳገኘች ነው። ካልሆነላት ከእኔ ጋር ትቀመጥ፤ በርበሬ ለሚቀነጥሱልኝ በየቀኑ የምከፍለው ገንዘብ ይቀርልኛል፤ ታናሽ ወንድምዋም በዚያ ይማራል።»

ይህን ስትናገር ልጅቱ በበሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። የእናትዋ አሳብ የክፋት አልነበረም፤ ብቻዋን ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት እያንዳንዱን ሳንቲም ከሁለት ቦታ መክፈል ስለማይቻላት ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ተመልሳ የምትገባበት ጊዜ ጥቂት እንደ ሆነ በሥራችን ላይ ደጋግመን አይተናል። ስለዚህ እኅታችንን፥ «አንድ ሳምንት ታገሺኝ፤ ነገሩን እኔ እመረምረዋለሁ» አልናት።

ወረቀቱን ከመብራት አጠገብ አቅርበን ብንመለከት፥ ሰባቱ ሥዕሎች በዐይናችን ፊት ሰባት ሆነው ታዩን። አንዱ ረዥም ነው፤ አንዱ በግራ በኩል ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ በቀኝ በኩል ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፉ ላይ ታጥፎአል። እኛ ፊርማን ከፊርማ፥ ማኅተምን ከማኅተም ስናስተያይ የኖርን የችሎት ጸሐፊ ስለ ሆንን፥ በዐይናችን መታመን ልማዳችን ነው። መምህሩ በድሎአታል ብለን ፈረድን። በዚያው ሌሊት አንድ ገጽ ተኩል የሆነ አቤቱታ በንጹሕ ወረቀት ጻፍን፤ «ተማሪዋ በትጋት የሠራችውን ያለ በቂ ምክንያት በመሰረዝ» የሚል ቃልም አገባንበት። ሰኞ ጧትም አቤቱታውን ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን።

መምህሩ ወጣት ሰው ነው። አቤቱታችንን ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ፤ አልተቈጣም፥ አልሳቀም። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ አኑሮ፥ «ጋሼ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ አለዎት?» አለን። አለን ብንለው፥ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ በውሃ የራሰ ባቄላ፥ የራሰ ሽምብራና በአጭር በአጭሩ የተቈረጠ ስንደዶ አወጣ። እናቶቻችን ሰፌድና ሌማት የሚሰፉበትን ስንደዶ በኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ስናይ ተደነቅን።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው መምህሩ በዚያ ግማሽ ሰዓት ያስተማረን ነው። ለአንባቢ እንዲመች ካርቦንን ‹ካ› በሚል ፊደል፥ ሃይድሮጅንን ‹ሃ› በሚል ፊደል እናመለክታለን።

በዓለም ያለ ነገር ሁሉ አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። አቶሞች እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ሞለኪውል የሚባል ማኅበር ይሆናል። እያንዳንዱ አቶም የሚያያዝበት የተወሰነ እጅ አለው ብንል ነገሩ ይቀለናል። ካርቦን አራት እጅ አለው፤ ሃይድሮጅን አንድ እጅ ብቻ አለው። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም እጁ ባዶውን አይቀርም። ባቄላው ካርቦን፥ ሽምብራው ሃይድሮጅን፥ ስንደዶው የተጨባበጠው እጅ ነው። ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩት ነገሮች ሃይድሮካርቦን ይባላሉ፤ ላምባ፥ ቤንዚን፥ ናፍጣ፥ ቡታጋዝ፥ ሻማ የሚሠራበት ሰም ሁሉ የዚህ ዘር ናቸው።

አንድ ካርቦን አራቱን እጆቹን ለአራት ሃይድሮጅን ሲሰጥ ሜቴን ይባላል፤ ከከብት እበት በሚወጣው ባዮጋዝ ውስጥ የሚነደው እርሱ ነው። ሁለት ካርቦኖች እርስ በርሳቸው አንድ አንድ እጅ ተያይዘው የቀረውን ለሃይድሮጅን ሲሰጡ ኤቴን ይባላሉ፤ ሦስት ሲሆኑ ፕሮፔን ይባላሉ። ካርቦኖቹ እርስ በርሳቸው በአንድ አንድ እጅ ብቻ ተያይዘው ቀለበት ሳይሠሩ ሲቀሩ፥ የሃይድሮጅኑ ቍጥር ሁልጊዜ የካርቦኑ እጥፍና ሁለት ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ካርቦን አራት፥ ለሁለት ስድስት፥ ለሦስት ስምንት ሃይድሮጅን ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም፤ አንድ፥ ሁለትም ሆነ ሦስት ባቄላ በአንድ ዐይነት መንገድ ብቻ ይያያዛል።

ክርክሩ የሚነሣው በአራተኛው ላይ ነው። አራት ካርቦንና ዐሥር ሃይድሮጅን፥ ይኸውም ካ4ሃ10፥ ቡቴን ይባላል። አራቱን ባቄላ እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በአንድ መሥመር ካ—ካ—ካ—ካ ብሎ ማያያዝ ይቻላል። ነገር ግን ሦስቱን በመሥመር አያይዞ አራተኛውን በመካከለኛው ላይ እንደ ቅርንጫፍ መስቀልም ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ባቄላው አራት፥ ሽምብራው ዐሥር ነው፤ እጁ ባዶ የቀረ የለም። ቍጥራቸው አንድ ሲሆን አሠላለፋቸው ግን ሁለት ነው። እንዲህ ያሉትን ሊቃውንቱ ከግሪክ ቋንቋ ወስደው ኢሶሜር ብለዋቸዋል፤ ትርጓሜውም እኩል ክፍል ያላቸው ማለት ነው። ተማሪዎቻችን እንደ እንግሊዞቹ አነጋገር አይሶመር ይሉታል።

እዚህ ላይ የቤተ ክህነት ትምህርታችን ትዝ አለንና፥ መምህሩን «ይህስ በፊደላችንም አለ» አልነው። መ፥ ከ፥ ረ የሚባሉትን ሦስት ፊደላት ይዞ ‹መከረ› ቢሉ ምክር ሰጠ ማለት ነው፤ ‹ከመረ› ቢሉ ነዶውን ቈለለ ማለት ነው፤ ‹ከረመ› ቢሉ ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። ፊደሉ አልተጨመረም፥ አልተቀነሰም፤ ተራው ብቻ ተለወጠ፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። መምህሩ በዚህ እጅግ ደስ ብሎት በደብተሩ ላይ ጻፈው። ወዲያው ግን እንዲህ ሲል አስጠነቀቀን፤ «ጋሼ፥ አንድ ልዩነት አለ። ቃል መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ይነበባል። ሞለኪውል ግን መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ከግራ ቢያነቡት ከቀኝ ቢያነቡት ያው ነው። የልጅቱ ስሕተት ከዚህ ነው የመጣው።»

ከዚያ በኋላ አምስት ካርቦንና ዐሥራ ሁለት ሃይድሮጅን ያለውን ፔንቴንን ሠራ። እርሱ ሦስት አሠላለፍ አለው፤ አንደኛው አምስቱም በመሥመር የሚቆሙበት፥ ሁለተኛው አራቱ በመሥመር ቆመው አምስተኛው ከጫፍ በሁለተኛው ላይ የሚሰቀልበት፥ ሦስተኛው አንዱ በመካከል ሆኖ አራቱ በአራት እጁ ላይ እንደ መስቀል የሚያያዙበት ነው። የእነዚህ ሦስቱ ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። በባሕር ጠረፍ መለኪያ ቀጥ ያለው በ36 ዲግሪ፥ አንድ ቅርንጫፍ ያለው በ28 ዲግሪ ግድም፥ እንደ መስቀል የሆነው ደግሞ በ10 ዲግሪ ግድም ይፈላል።

ምክንያቱን ብንጠይቀው መምህሩ በመስኮቱ በኩል የተቈለለውን የባሕር ዛፍ አጠና አሳየን። ቀጥ ያለ አጠና ጐን ለጐን ተጣብቆ ይተኛል፤ አንዱን ከሌላው ማላቀቅ ያደክማል። ቅርንጫፋም እንጨት ግን ሲከመር ክፍተቱ ብዙ ነው፤ እርስ በርሱ የሚነካካበት ቦታ ጥቂት ነውና በቶሎ ይለያያል። እንደዚሁም ቀጥ ያሉ ሞለኪውሎች በርዝመታቸው ሁሉ ስለሚነካኩ አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ እነርሱን አለያይቶ ወደ ትነት ለመለወጥ የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል። ቅርንጫፍ ያላቸው ግን በትንሽ ሙቀት ይበተናሉ።

በመጨረሻ ወደ ክርክራችን፥ ወደ ስድስቱ ካርቦን መጣን። መምህሩ የልጅቱን ሰባት ሥዕሎች አንድ በአንድ በባቄላ ሠርቶ በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አንደኛው ስድስቱ በመሥመር የቆሙበት ነው። ሁለተኛው አምስቱ በመሥመር ቆመው ስድስተኛው ከግራ በሁለተኛው ላይ የተሰቀለበት ነው። ሦስተኛው ስድስተኛው በመካከለኛው፥ ማለት በሦስተኛው ላይ የተሰቀለበት ነው። አራተኛው ስድስተኛው ከግራ በአራተኛው ላይ የተሰቀለበት ነው። አምስተኛው አራቱ በመሥመር ቆመው የቀሩት ሁለቱ በአንዱ፥ በሁለተኛው ላይ የተሰቀሉበት ነው። ስድስተኛው አንዱ በሁለተኛው፥ አንዱ በሦስተኛው ላይ የተሰቀሉበት ነው። ሰባተኛው አምስቱ በመሥመር ቆመው ስድስተኛው ከጫፉ ወደ ታች የተንጠለጠለበት ነው።

ከዚህ በኋላ መምህሩ አንዳች ሳይናገር አራተኛውን አንሥቶ ቀኙን ወደ ግራ አዞረው፤ ሁለተኛውን ሆነ። ከግራ አራተኛ የነበረው ከቀኝ ሁለተኛ ነውና። ሰባተኛውንም አንሥቶ የታጠፈውን ጫፍ በጣቱ ቀና አደረገው፤ አንደኛውን ሆነ። ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ካርቦን ቅርንጫፍ አይደለም፤ መሥመሩን ያስረዝማል እንጂ። በወረቀት ላይ የታጠፈ ሥዕል በእውነቱ ሌላ ነገር አይደለም፤ መንገደኛ በመንገድ ቢጐብጥ ቢቀና ያው ሰው እንደ ሆነ ያለ ነው። በጠረጴዛው ላይ አምስት ብቻ ቀሩ። መልሱም አምስት ነው።

እኛ በዚያ ሰዓት ያደረብንን እፍረት ልንሸሽገው አንፈልግም። ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲቀርቡብን ለይተን የምናውቅ ሳለን፥ አንድ ሰው በሁለት ልብስ ቢቀርብብን ሁለት ነው ብለን አቤቱታ ጻፍን። ይቅርታ ብንጠይቀው መምህሩ፥ «ጋሼ፥ ስለ ልጅ ነጥብ እስከዚህ የመጣ ዘመድ በዓመት አንድ አላይም፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። እኔም በቀይ ሰርዤ ዝም ከማለት ምክንያቱን በአጠገቡ መጻፍ ነበረብኝ» አለን። የጻፍነውን አቤቱታ መልሶ ሰጠን፤ እኛም በጀርባው አምስቱን ሥዕል ሥለንበት ወደ ቤት ተመለስን።

በመንገድ ላይ ሳለን አንድ ነገር አጽናናን፤ ይኸውም መምህሩ የነገረን የሁለት ጀርመናውያን ክርክር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ ዓመታት ዮስቱስ ሊቢግ የሚባል ሊቅ ከብር የተሠራ እጅግ የሚፈነዳ ነገር መርምሮ ክፍሎቹን ቈጠረ። ፍሪድሪክ ቨለር የሚባል ሌላ ሊቅ ደግሞ የማይፈነዳ የብር ውሁድ መርምሮ ክፍሎቹን ቈጠረ። የሁለቱ ቍጥር አንድ ሆኖ ተገኘ። አንዱ የሚፈነዳ፥ አንዱ የማይፈነዳ ሆኖ ሳለ ቍጥራቸው እንዴት አንድ ይሆናል? ሊቢግ ቨለርን ተሳስተሃል አለው። ነገር ግን ምርመራውን እንደ ገና ደግሞ ባደረገ ጊዜ ሁለቱም እውነት እንደ ተናገሩ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወዳጆች ሆነው አብረው ሠሩ። በ1830 የስዊድኑ ሊቅ ቤርሴሊዩስ ለእንዲህ ያለው ነገር ኢሶሜር የሚለውን ስም ሰጠ። በ1858 ኬኩሌና ኩፐር እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ካርቦን አራት እጅ እንዳለውና እርስ በርሱ እንደሚያያዝ አስታወቁ፤ በ1861 የሩስያው ሊቅ ቡትለሮቭ የነገር ጠባይ በአሠላለፉ እንደሚወሰን አስተማረ። በችሎት የምንውል ሰዎች ሁለት ተከራካሪዎች በአንድ ነገር ሁለቱም እውነተኞች ሲሆኑ እምብዛም አናይም፤ በኬሚስትሪ ግን ሆኖአል።

በዚያው ምሽት ወደ እኅታችን ቤት ሄድን። ባቄላና ሽምብራ ከሰዓት በፊት አስረሰን ነበር፤ ስንደዶውንም ከመርካቶ ገዝተናል። ልጅቱን አጠገባችን አስቀምጠን ስሕተትዋን ከመናገራችን በፊት የእኛን ስሕተት ነገርናት፤ አቤቱታውንም አሳየናት። አንብባ ስትጨርስ ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሰባቱን ሥዕሎችዋን በባቄላ እንድትሠራ አደረግን። እናትዋ በማዶ ተቀምጣ ድንብላል እየለቀመች ታየን ነበር።

ልጅቱ ሁለተኛውንና አራተኛውን ጐን ለጐን አኑራ ብዙ ጊዜ ተመለከተቻቸው፤ ልዩነታቸው የት እንደ ጠፋ ልታየው አልቻለችም። እኛ ልንነግራት አፋችንን ስንከፍት እናትዋ ድንብላሉን አኑራ ተነሣች፤ አራተኛውን በሁለት ጣትዋ አንሥታ ገለበጠችና በሁለተኛው አጠገብ መልሳ አኖረችው። «ልጄ፥ ይህማ ያው ነው፤ አንቺ ከወዲያ በኩል ሆነሽ አይተሽው ነው እንጂ። ሰፌድ ስንሰፋ ሐረጉ በግራ የጀመረውና በቀኝ የጀመረው አንድ ሐረግ አይደለምን?» አለች። ልጅቱም፥ እኛም ዝም አልን። አንድ ቀን ስንኳ በትምህርት ቤት ደጃፍ ያልገባች ሴት፥ እኛ አንድ ገጽ ተኩል የተሟገትንበትን በሁለት ጣትዋ ፈረደችው።

እኅታችንም በባቄላው ላይ እንዳቀረቀረች ጥቂት ቆይታ፥ «የምትማሪው ይህን ከሆነ እኔም እጄ የሚያውቀው ነው፤ አስቸጋሪ አይደለም» አለች። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ትውጣ የሚለው ቃል ከዚያ ሌሊት በኋላ በዚያ ቤት ሲነገር አልሰማንም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ ይህ ሁሉ የባቄላ ጨዋታ ለቤተ ሰብ ምን ይረባል ይል ይሆናል። የሚረባውስ በእያንዳንዱ ማድ ቤት ነው። የምናነድደው ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የተቀላቀሉበት ነው። ከቡቴን ሁለቱ አሠላለፎች ቀጥ ያለው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ሲፈላ፥ ቅርንጫፍ ያለው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ይኸው ቅርንጫፍ ያለው ቡቴን ዛሬ በብዙ የቤት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ እየተነነና ተመልሶ ፈሳሽ እየሆነ ምግብን ያቀዘቅዛል፤ በማቀዝቀዣው ጀርባ ‹አር 600 ኤ› ተብሎ የሚጻፈው ስሙ ነው። ስለዚህ አራት ካርቦንና ዐሥር ሃይድሮጅን በአንድ ማድ ቤት ውስጥ በምድጃው ያበስላሉ፥ በማቀዝቀዣው ያበርዳሉ።

በቤንዚንም እንደዚሁ ነው። ሞተር ሳያንኳኳ በደኅና እንዲሠራ የቤንዚኑን ጥራት የሚለኩበት ቍጥር ኦክታን ይባላል። የመለኪያው 100 የተባለው ስምንት ካርቦን ካላቸው ሞለኪውሎች አንዱ፥ ቅርንጫፉ ሦስት የሆነው ነው፤ ዜሮ የተባለው ደግሞ ሰባት ካርቦን በመሥመር የቆሙበት ነው። ስምንቱ ካርቦን ሁሉ በመሥመር ቢቆሙ ከዜሮ እንኳ በታች ይሆናል። ቍጥሩ ስምንት ሆኖ ሳለ አንዱ አሠላለፍ ሞተሩን ያገለግለዋል፥ ሌላው ይጐዳዋል።

ነገሩን ካነሣን ዘንድ አንድ የጥንቃቄ ቃል እንጨምር። ቡታጋዝ በባሕርዩ ሽታ የለውም፤ የምናሸተው መጥፎ ሽታ ሰው እንዲነቃ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። ከአየርም ስለሚከብድ ቢፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ሽታው የተሰማ እንደ ሆነ ሲሊንደሩን መዝጋት፥ በርና መስኮት መክፈት፥ ክብሪት አለመጫር፥ የመብራት ማብሪያም አለመንካት ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ያየ የመርካቶ ሰው፥ ሱቅ ከሱቅ ተጠጋግቶ በተሠራበት ቦታ እሳት እንዴት እንደሚሮጥ የሚነግረው አያስፈልገውም።

አሁን ልጆቻቸውን ሊረዱ ለሚወዱ ወላጆች፥ ከመምህሩ የተቀበልነውን የአሣሣል ሥርዐት በአጭሩ እንጽፋለን።

አንደኛ፤ ካርቦኖቹን ሁሉ በአንድ መሥመር ሣሉ፤ ሃይድሮጅኑን ለጊዜው ተዉት።
ሁለተኛ፤ ከመሥመሩ ጫፍ አንድ ካርቦን አንሥታችሁ ከውስጠኞቹ በአንዱ ላይ ስቀሉ፤ በጫፍ ላይ ግን ከቶ አትስቀሉ፥ መሥመሩን መልሶ ያስረዝማልና።
ሦስተኛ፤ ቅርንጫፉን ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ እስከ መሥመሩ እኩሌታ ብቻ አዛውሩ፤ ከእኩሌታው ያለፈ ሁሉ የፊተኛው ግልባጭ ነው።
አራተኛ፤ አንድ ካርቦን ያነሣችሁበትን ስትጨርሱ ሁለት አንሡ፤ ሁለቱን በአንዱ ላይም፥ በልዩ ልዩ ላይም ስቀሉ።
አምስተኛ፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ከሁሉ የሚረዝመውን መሥመር ፈልጉ፤ መሥመሩ ታጥፎም ቢሆን ይቈጠራል። ቅርንጫፉንም ከሚቀርበው ጫፍ ቍጠሩ። ሁለት ሥዕሎች አንድ ቍጥር ከሰጡ አንድ ናቸው።
ስድስተኛ፤ በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ካርቦን አራት እጅ እስኪሞላ ድረስ ሃይድሮጅኑን ጨምሩ። አምስት እጅ ያለው ካርቦን ካገኛችሁ ሥዕሉ ውሸት ነው።

አንዱንም ሳያስቀር በትክክል የሚቈጥር ለአራት ካርቦን ሁለት፥ ለአምስት ሦስት፥ ለስድስት አምስት፥ ለሰባት ዘጠኝ፥ ለስምንት 18፥ ለዐሥር 75 አሠላለፍ ያገኛል። ሃያ ሲደርስ ቍጥሩ 366,319 ይሆናል፤ ይህን በእጅ ልሥል የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም። ይህን ቍጥር በስሌት ለማግኘት የተነሣው የመጀመሪያው ሰው አርተር ኬይሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እርሱም የሒሳብ መምህር ከመሆኑ በፊት 14 ዓመት በጥብቅና ሥራ የኖረ ሰው ነበርና የእኛን ሙያ ዘመድ ሆኖ አገኘነው። በ1870ዎቹ ዓመታት እስከ ዐሥራ ሦስት ካርቦን ድረስ ቈጠረ፤ ነገር ግን በዐሥራ ሁለተኛውና በዐሥራ ሦስተኛው ላይ ተሳሳተ። ትክክለኛው 355 እና 802 ነው። ይህን ለእኅታችን ልጅ ብንነግራት፥ «እርሱም እንደ እኔ ከወዲያ በኩል ሆኖ አይቶት ይሆን?» አለችን። ስሕተት የታላላቆችም ዕጣ እንደ ሆነ ማወቅ ልጅን ሰነፍ አያደርግም፤ ደፋር ያደርጋል እንጂ።

በሰኔ ወር በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሰባት ካርቦን ያለው ሄፕቴን ተጠየቀ። ልጅቱ ማታ ወደ በርበሬ ተራ በመጣች ጊዜ እናትዋ ገና ወረቀቱን ሳታይ፥ «ስንት አገኘሽ?» አለቻት። «ዘጠኝ» አለች። እናትዋም ሚዛንዋን አኑራ፥ «ሁሉንም ገልብጠሽ አይተሻል?» ስትል ጠየቀቻት። «አይቻለሁ፤ እማዬ» አለች። ወረቀቱ ሲመለስ ዘጠኙም ትክክል ነበሩ፤ የተሰረዘ አልነበረባቸውም። ዛሬ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በርበሬ መቀንጠሱንም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ታግዛለች።

ያን አቤቱታ እስከ ዛሬ በመሳቢያችን ውስጥ አኑረነዋል። አንድ ባለ ጉዳይ መጥቶ እርግጠኛ ሆነን ልንፈርድ ስንል፥ አንዳንድ ጊዜ አውጥተን ጀርባውን እንመለከታለን። ክቡራን ወላጆችም የልጃችሁ ወረቀት በቀይ ተሰርዞ የመጣ እንደ ሆነ፥ በልጁም በመምህሩም ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሥዕሉን አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ እንድታዩት እንመክራለን።